የድንቡሼ ቁርስ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ተከትሎ በተዘረጋ ቆላ ውስጥ፣ ጥያቄ የምታበዛ አህያ ትኖር ነበር። ስሟ ዳሚት ነው። ሌሎቹ አህዮች ያገኙትን ግጠው ዝም ይላሉ፤ ዳሚት ግን «ይሄኛው ሣር ለምን መረረ? ያኛውስ ለምን ጣፈጠ?» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታሰለቻለች። «ኤዲያ፣ አንቺ ደግሞ! ብይና ዝም በይ» ይሏታል። እሷም ትበላለች፤ ዝም ግን አትልም።

ይህች ዳሚት ድንቡሼ የሚባል አንድ ውርንጭላ ነበራት። ስሙን ያወጡለት በተወለደ ዕለት ክብ ሆዱን አይተው ነው እንጂ አሁንማ ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል። ልጁ ጠዋት እህል አይቀምስም። ገብስ ስትሰጠው አንዴ ያኝክና ፊቱን አጨማዶ ይተፋዋል። «ይወጋኛል» ይላል። ስትቆጣው ያለቅሳል፤ ስታባብለው ይሸሻል። ልጅ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን «ሲርበው ይበላል» ብላ በተወችው። ዘንድሮ ግን ጊዜ አልነበራትም። በጋው ገብቶ ወንዙ እየደረቀ ነው፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ መንጋው ወደ ደጋ ይወጣል። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ ከንጋት እስከ ቀትር የሚያስኬድ ዳገት። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ የአያ ጅቦ ዋሻ አለ። አያ ጅቦ በእግሩ የሚሄድ አህያ አይነካም፤ የአህያ ርግጫ ምን እንደሚመስል የወለቁት ሁለት ጥርሶቹ ያውቃሉ። እሱ የሚጠብቀው ደክሞት ቁጭ የሚለውን ነው። መንጋው ደግሞ ውሃ ጠምቶት ስለሚወጣ ለማንም አይቆምም። አምና ሁለት ውርንጭሎች እዚያ ቁጭ ብለው ቀሩ። ከሁለቱ የአንዱ እናት ቦራ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ ያንን ዳገት አይታው አታውቅም።

ዳሚት የልጇን ቀጫጭን እግሮች ባየች ቁጥር «በዚህ እግር ነው ያንን ዳገት የሚወጣው?» ትላለች።

በዚያ ሰሞን እመት ቀበሮ ከገበያው መግቢያ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ የቁርስ እህል መሸጥ ጀምራለች። አምናም ሸጣ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጆንያዎቹን አሳምራቸዋለች። አንዱ ጆንያ እንደ አምናው ቀይ ነው። ላዩ ላይ ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ ተስሎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ በትልቁ «አንበሳ የሚበላው የማር ገብስ!» ይላል።

ዳሚት ድንቡሼን አስከትላ ሄደች። ሥዕሉን አንገቷን እያዘነበለች ተመለከተችው።

«እመት ቀበሮ፣ አንበሳ ከመቼ ወዲህ ነው ገብስ መብላት የጀመረው?»

ቀበሮ ዓይኗን በጨው አጥባ «ያላመነ ሄዶ ይጠይቀዋ!» አለች።

ማን ሄዶ ይጠይቃል! ገዢው ሁሉ ሳቀና ዳሚት አፈረች። ቀበሮም ጊዜ ሳታባክን ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግና ለድንቡሼ ዘረጋችለት። ውርንጭላው አሸተተ። ላሰ። ከዚያ አፉን ከእፍኟ ላይ አላነሣም፤ ጣቶቿን ሳይቀር ሊበላቸው ነበር።

«ልጄ በላ!» አለች ዳሚት። ደስታው ያሰበችውን ጥያቄ ሁሉ ከአፏ አጠፋው። ለአንዱ ጆንያ ዋጋ ለቀበሮ ሦስት ቀን ውሃ ልታመላልስላት ተስማማችና ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ ድንቡሼ ከእንቅልፉ ሲነሣ ቀጥታ ወደ ጆንያው ነው የሄደው። በልቶ ሲጨርስ ዳሚት አንድ ነገር መሞከር አማራት። ከቤታቸው ጀርባ አንዲት ጉብታ አለች። «ና እስቲ፣ ይህችን ጉብታ አብረን እንዙራት። ስንቴ ትዞራለህ?» አለችው።

ልጁ ጉድ አፈላ! አንደኛውን ዙር እየዘለለ፣ ሁለተኛውን እየጋለበ፣ ሦስተኛውን ጭራውን ሰቅሎ ጨረሰው። እናቱ ከኋላ ከኋላው እያለከለከች «ቀስ በል!» ትለዋለች። አራተኛው ላይ ግን እግሮቹ ተንቀጠቀጡና ዝልፍልፍ ብሎ ከመንገዱ መሐል ቁጭ አለ። ፀሐይዋ ገና ከዛፎቹ ጫፍ አላለፈችም።

«ራበኝ» አለ።

«አሁን በልተህ?»

«ራበኝ እኮ ነው የምልሽ፣ እማዬ።»

ዳሚት ልቧ ድንግጥ አለ። ቁጭ ማለቱን ስታይ ምን እንደታያት ልንገራችሁ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ከድንጋጤዋ ሥር ያ የለመደባት ጥያቄ ብቅ አለ። የአንድ ቁርስ ገብስ እስከ ማታ የሚያቆም ምግብ ነው። ይሄኛው እስከ ረፋድ እንኳን ለምን አላደረሰም?

እጇን እስከ ክንዷ ድረስ ወደ ጆንያው ሰደደች። ታች ያለው ላይ ካለው ይበልጥ ይጣበቅ ነበር። ከታች ዘገነችና ምንጭ ዳር ወስዳ በቅል ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ተቀምጣ ጠበቀች። ውሃው መጀመሪያ ሮዝ ሆነ፤ ቀጥሎ ቀላ፤ በመጨረሻ እንደ ሙጫ ወፈረ። ጉንዳኖች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ቅሉን ከበቡት። ዳሚት ውሃውን አንጠፍጥፋ ሥሩ የቀረውን ቆጠረች። ከአንድ ሙሉ እፍኝ የተረፈው እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ሰባት ፍሬ ነበር። አንዱን ብትነካው ፍርክስ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው።

«ገብሱ የት ገባ?» አለች ለብቻዋ።

ይህንኑ ጥያቄ ይዛ በማግሥቱ ወደ ሾላው ዛፍ ተመለሰች። ገበያው ደርቷል። አያ ጅቦም ከጆንያዎቹ ጀርባ ተኝቶ ምራቁን እየዋጠ የሚያልፍ የሚያገድመውን ውርንጭላ በዓይኑ ይመዝናል። ቀበሮ «ዕቃ ጠባቂዬ ነው፣ በገበያ ቀን ማንንም አይነካም» ብላ ለሁሉም ነግራለች። ከገዢዎቹ መሐል ቦራም ቆማለች፤ ለእህቷ ልጅ ልትገዛ ነው የመጣችው።

«እመት ቀበሮ፣ የሸጥሽልኝን በውሃ ነክሬ አየሁት። ማሩ ሄደ። ገብሱ የት ገባ?»

ቀበሮ ፈገግታዋ አልጎደለም። «እህቴ፣ ጤና ነው የፈለግሽው? ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር!» ብላ አረንጓዴ ጆንያ ጎተተች። «ለጤና የተመረጠ» ይላል።

ዳሚት ፈትታ አየችው። ገለባ ነው። ቀመሰችው፤ የጣሪያ ክዳን ያኘከች መሰላት።

«ይህን የትኛው ልጅ ይበላዋል?»

«ጤና ይጣፍጣል ያለሽ ማነው?» አለች ቀበሮ። «የሚጣፍጠው ያ፣ ጤናው ይሄ። ሁለቱ በአንድ ጆንያ አይገኙም፣ የኔ እመቤት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ገዢዎቹ «እውነቷን ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳሚት ግን «ለምን አይገኙም?» አለች።

ቀበሮ መልሱን ስታውጠነጥን አያ ጅቦ ትዕግሥቱ አለቀ። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጎ፣ ቀበሮንም ሊረዳት ፈልጎ።

«ቀዩን ግዢ እንጂ! ምን ታደርቂናለሽ?» አለ። «አምና የነዚያ የሁለቱ እናቶችም ቀዩን ነው የገዙት። እንዴት ያለ ለስላሳ ሥጋ መሰለሽ!»

ቀበሮ ጭራውን ረገጠችው። ዘገየች። ገዢው ሁሉ ወደ ጅብ ዞረ።

«አያ ጅቦ፣ ምን አልክ?» አለች ቦራ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ? ኧረ ምንም አላልኩም!» አለ ጅብ ተደናግጦ። «ደግሞ ብቻዬን አልበላሁም። ጉበቱን በሙሉ ለእሷ ነው የሰጠኋት፤ ውላችን እንደዚያ ነው።»

ቦራ ዞረች። ዞረችና በኋላ እግሯ ስትራገጥ ቀዩ ጆንያ ከአንበሳው ጋር ወደ ሰማይ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሏት። ቀበሮና ጅብ እግሬ አውጪኝ ብለው ጠፉ፤ ጉንዳኖቹ ብቻ ሳይጠሩ ድግስ አገኙ።

እሰይ! ትላላችሁ። ዳሚትም ብላ ነበር። ነገር ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ ድንቡሼ ያው ድንቡሼ ነው፤ የቀረው ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ ዳገቱም ከቦታው አልተነሣም። መጥፎውን ማወቅ ብቻውን ልጅ አያጠግብም።

ተቀመጠች። አሰበች። ጎረቤቱን ሁሉ፣ ቀበሮን ሳይቀር ስትጠይቅ ከርማ አንድ ያልጠየቀችው እንዳለ ያን ጊዜ ነው የታወሳት።

«ድንቡሼ፣ ከቀዩ ጆንያ ምኑ ነበር የጣፈጠህ?»

ልጁ ጆሮውን አቆመ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«ኮሽ ይላል» አለ። «ደግሞ ሽታው! ደግሞ አይወጋም። ያንቺ ገብስ ድዴን ይወጋኛል፤ እዚህ ጋ፣ ጥርሴ የሚበቅልበት ጋ።»

«ማሩስ?»

ትንሽ አሰበ። «መጀመሪያ ጥሩ ነው። በኋላ ያቅለሸልሸኛል።»

አያችሁ? ልጁ ገብስ አልጠላም። ገለባው እየወጋው ነው። እናቱ ደግሞ ከርማ ከርማ «ብላ!» ከማለት በቀር አፉን ከፍታ አላየችውም። «ወይ እኔ!» አለችና ግንባሩን ላሰችው።

ከሰል አክሳዮች ትተውት የሄዱት ፍም ነበር። ገል ጣደችበትና ገብሱን ፈትጋ፣ ገለባውን አበጥራ ቆላችው። መጀመሪያ አረረ። ድንቡሼ ቀምሶ «ከሰል ነው» አለ። በሁለተኛው ቀን ደህና ተቆላ፣ ግን ሰሊጥ አብዝታበት መረረ። ዳሚት አልተናደደችም። እንዲያውም ነገሩ ይጥማት ጀመር፤ በጠራራ ፀሐይ «ሱፍ ብጨምርበትስ? ባልጨምርበትስ?» እያለች ለብቻዋ ስታወራ ጎረቤቶቿ «አበደች» አሉ። በሦስተኛው ቀን ገብሱን ከካ አድርጋ ሱፍ በተነችበት። ድንቡሼ እያኘከ ወደ ቁጥቋጦው አየ።

«አጋም ጨምሪበት» አለ።

«አጋም? በገብስ ላይ?»

«እስቲ ሞክሪው!»

ሞከረችው። የደረሰ አጋም፣ ጠቆር ብሎ የጣፈጠ፣ አንድ ጭብጥ ብቻ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እስኪጨርስ ቀና አላለም። ከዚያ ጉብታዋን ዞሩ። አልጋለበም፤ ጭራውንም አልሰቀለም። ዝም ብሎ ሄደ። አራት ዙር፣ ስምንት ዙር፣ አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስተኛው ላይ ቁጭ ያለችው ዳሚት ናት።

የጉዞው ቀን መንጋው በንጋት ተነሣ። ድንቡሼ ቁርሱን በልቶ ከእናቱ ጎን ገባ። ቦራ ከኋላ ናት፤ የዳሚትን ቆሎ ከእሷ ተቀብላ ለእህቷም ልጅ አብልታዋለች። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ፀሐዩ ይጠብሳል። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ አያ ጅቦ ከዋሻው አፍ ቆሟል። ለዚህ ቀን ሆዱ ቦታ እንዲኖረው ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ እህል ውሃ አልቀመሰም።

ድንቡሼ እዚያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ዳሚት በግንባሯ ገፋችው። «ድንቡሼ! ልጄ! እንዳትቀመጥ!»

እሱ ግን አልደከመውም። የእናቱ ልጅ ነውና ጥያቄ መጥቶበት ነው።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ ቁርስ ምን በላህ?»

«እኔማ ቁርሴን እየጠበቅሁ ነው!» አለ ጅብ ጥርሱን እያሳየ።

«በባዶ ሆድህ ልትሮጥ?» አለ ድንቡሼ ከልቡ ገርሞት፤ አለና ዳገቱን ተያያዘው።

ረሃቡ የወለቁትን ጥርሶቹን አስረስቶት ጅብ ተከተለው። አሥር ዝላይ ያህል ዘለለ። አሥራ አንደኛው ላይ ጉልበቱ ከዳው፣ ዓይኑ ጨለመበት፣ ወገቡን ይዞ ከድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። ከኋላው ቀበሮ «ተነሥ እንጂ፣ አንተ ሆዳም!» እያለች ትጮኻለች፤ እሱ ግን ማንሣት የቻለው ምላሱን ብቻ ነው። መንጋው በጎኑ አለፈ። ውርንጭሎቹ በሙሉ አለፉ።

ቀትር ላይ ደጋው ሜዳ ደረሱ። ድንቡሼ ከቦራ እህት ልጅ ጋር ሣሩ ውስጥ ሲንከባለል ቦራ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ዳሚት ጠጋ አለች።

«አምና ለልጄ ቀዩን ጆንያ የገዛሁለት ስለበላልኝ ነው» አለች። «ደስ ብሎኝ ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም።»

ዳሚት ጎኗን ከጎኗ አስጠጋችና አብረው የልጆቹን ጨዋታ አዩ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጅም ሆነ ለራሳችን ቁርስ ስንመርጥ የከረጢቱን ሥዕልና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ብቻ አምነን ከመግዛት ይልቅ ውስጡ ምን እንዳለ መርምረን፣ በላተኛውንም ምን እንደሚጥመው ጠይቀን፣ ጉልበት የሚሰጠውን እህል በደስታ እንዲበላ አድርገን ማዘጋጀት እንደምንችል ነው።