ኋላዋ የተነሳች መኪና

«አንድ ሰው ነበረ፤ መካኒክ፤ ሚስቱን የሚወድ።»

ጋሽ ላቀው እንዲህ ብለው የጀመሩት ይርዳው ጥያቄውን እንደ ጨረሰ ነው። ይርዳው ዱሮ መካኒክነት ያስተማሩት ልጅ ነው። እናቱን ከገጠር አምጥቶ ጥሩ ክፍል ቢያዘጋጅላትም በሁለተኛው ወር «አገሬ መልሰኝ» አለችው። «ጋሼ፣ ምን አጎደልኩባት?» ነበር ጥያቄው።

የመካኒኩ ሚስት አሸዋማ ቆላ ውስጥ ነርስ ነበረች። ሕፃናት ለመከተብ ከመንደር መንደር በግመል ትዞራለች። ወገቧ ግን አልቻለም፤ ካልተሻላት ወደ ደጋ ተዛውራ ልትሠራ ነው። እሱ ደግሞ ጋራዡን ጥሎ መሄድ አይችልም። እንዳይለያዩ ብሎ አንድ አሮጌ ቮልስ ገዛ። ጣራውንና በሮቹን ቆርጦ ጣለ፤ በቦታቸው የብረት ቱቦ በየደ፤ ሰፋፊ ጎማ አጠለቀላት። አሸዋ የማይውጣት ቀላል መኪና ሆነች።

ክብደቷ ሲቀንስ ታዲያ ኋላዋ ወደ ላይ ተነሳ። የሰፈሩ ሰው «ልትዋጋ ያጎነበሰች ፍየል» እያለ ሳቀባት። ሰውዬው እልኸኛ ነው። የቮልስ ኋላ የሚቆመው በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው፤ የዘንጉ ጫፍ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ሲዞር መኪናው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ፈታ፣ አዞረ፣ ገጠመ፣ በሜትር ለካ፤ እንደገና ፈታ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ልክ ቢያስቀምጥባት ፊቷና ኋላዋ እኩል ሆነ። ኮራ።

ሚስቱ ተሳፈረችባት፤ መረቀችውም። በሳምንቱ ግን ተመልሳ በግመል ሄደች። «ሥራዬን ናቀችው» አለ በልቡ፤ አልጠየቃትም። እሷም ያን ያህል ደክሞላት «መኪናዋ ወገቤን ገደለችኝ» ማለት ከበዳት። የሚዋደዱ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ሞኞች ናቸው። የዝውውር ማመልከቻዋንም ጻፈች።

አንድ ጠዋት ግመሉ አነከሰና በመኪናዋ ልትሄድ ግድ ሆነባት። የክትባት ሳጥኗንና ሁለት ጄሪካን ውሃ ከኋላ ጭና ተቀመጠች። ባሏ የወደቀ መፍቻ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከሥር አየ። ኋላዋ ዘጭ ብሎ ከማቆሚያው ላስቲክ ጋር ተጣብቋል። ከዚህ በላይ የሚተጣጠፍበት ቦታ የለውም፤ የጉድጓዱ ምት ሁሉ የሚያርፈው ወገቧ ላይ ነው። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ የለካው እሷ የሌለችባትን መኪና ኖሯል።

«የኔ እመቤት፣ አትውረጂ» አላት።

ተንበርክኮ ከነሳጥኗ ከነውሃዋ ለካ። ከዚያ አወረዳት፣ ፈታ፣ ዘንጉን አዞረ፤ መልሶ አስቀመጣት፣ ለካ። እሷ ስትስቅ እሱ ሲለካ ረፋዱ ላይ አለቀ። ባዶዋን ስትቆም ኋላዋ ተነስቶ ታስቅ ነበር፤ ሴትዮዋ ስትቀመጥባት ግን ልክ ሆነች። ማመልከቻውንም ቀደደችው።

ጋሽ ላቀው እዚህ ላይ የይርዳውን ትከሻ ያዙት።

«አንተም ክፍሉን ቀለም ስትቀባ፣ አልጋውን ጓዳ ውስጥ ስትዘረጋ፣ እናትህ ገና አገር ቤት ነበሩ። አምሮልሃል፤ ግን ባዶውን ነው የለካኸው። ዛሬ ግባና አጠገባቸው ተቀምጠህ ጠይቃቸው። ‹አልጋዬ ሳሎን፣ በሩ ዘንድ ይሁንልኝ፤ የሚገባ የሚወጣውን ልየው› ካሉህ፣ ‹ሳሎኑ ይበላሻል› እንዳትል። ተሸከምና አዙርላቸው፣ ልጄ።»