ቦኖው የፈሰሰ ዕለት

በጀት ተቀነሰ ተብሎ የፓምፑ ነዳጅ ከቀረ ወዲህ የከተማዋ የውሃ ቦኖ ደርቆ ከርሟል። የዞኑ አስተዳዳሪ ለጉብኝት ይመጣሉ ሲባል ግን ከንቲባው አቶ ደምሰው በማለዳ ፓምፑን አስነሱና ውሃው ይንፎለፎል ጀመር።

ቦኖው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ አንዲት አፈኛ ሴትዮ ነበረች። ከንቲባው ጠሯትና፣ «ሲጠይቁሽ ውሃ አለ በይ። ሌላ ነገር ከተነፈስሽ ሻይ ቤትሽን አስፈርሰዋለሁ!» አሏት። ከዚያች ሻይ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የላትምና እሺ አለች።

አስተዳዳሪው ደረሱ። «እናቴ፣ ውሃ አለ?» ሲሉ ጠየቋት። ከንቲባው ዓይናቸውን አፈጠጡባት።

«አለ እንጂ፣ ጌታዬ! እግርዎ እርጥብ ነው፤ ዛሬ እርስዎ ሊመጡ ነው ሲባል ውሃውም መጣ። ሲሄዱ አብሮዎት እንዳይሄድብን ቤት እንሠራልዎታለን፤ እባክዎ እዚሁ ይኑሩልን!»