የባለክንፉ አህያ ወንድም

አንድ ጊዜ፣ ጉም በማይለየው ሐይቅ ዳር፣ ዳልቺት የምትባል አህያ ከመንጋዋ ጋር ትኖር ነበር። እነዚያ አህዮች አንድ ልማድ ነበራቸው። ጀንበር ስትገባ ውርንጭሎቻቸውን መሐል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ፣ ኮቴያቸውን ወደ ዱሩ አዙረው ክብ ይሠራሉ። ክቡ ውስጥም የባለክንፉን አህያ ተረት ይተርካሉ፤ ከሐይቁ በላይ እየበረረ ውርንጭሎችን ከጅብ መንጋጋ የነጠቀውን የዚያን ጀግና።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀበሮ ከመኪና የወደቀ ቴሌቪዥን አገኘ። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ባዶ ሣጥኑን ሐይቁ ዳር ቋጥኝ ላይ አስቀመጠው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብርሃኗ በሣጥኑ ያልፋል፣ ጉሙም ወርቅ ይመስላል። ከሣጥኑ ኋላ፣ በዚያ ወርቅ ውስጥ፣ አጋዘን የኮባ ቅጠል እንደ ክንፍ ታጥቆ ባለክንፉን አህያ ሆነ። ጅብም ጅቡን ሆነ። ግን ምን ዓይነት ጅብ! ከባለክንፉ ጋር አንድ ጡት የጠባ፣ ወንድሙ ሲርቅበት ወደ ሰማይ አንጋጦ የሚያለቅስ ጅብ።

የሐይቁ ዳር እንስሳ ሁሉ አነባ። ዳልቺትም ሳታስበው እንባዋ መጣ።

«አያ ቀበሮ፣ ምነው ተረታችንን ገለበጥከው?» አለችው በኋላ።

«እሜቴ፣ ጅብ ክፉ ነው ብልሽ “ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ?” ትይኛለሽ። ሲያለቅስ ግን ይኸው አንቺም አለቀስሽ!» አለና ተመልካች ያመጣለትን የቆቅ እንቁላል ሰብስቦ ሄደ።

ልጇ ሽምጥ ግን ነገሩን ከልቡ ያዘው። «እማዬ፣ ጅቡ ወንድማችን ከሆነ ክቡ ለምናችን ነው?»

«ልጄ፣ ተረቱ ቢለወጥ እግዜር የሰጠው ጥርስ አልተለወጠም።»

«ወይ እማዬ! አንቺ ደግሞ የድሮ ነሽ።»

በማግስቱ ጀንበር ስትገባ ክቡ ተሠራ። ሽምጥ የለም። ዳልቺት ወደ ቋጥኙ ሮጠች። ተመልካቹ ሁሉ ተበትኗል፤ ባዶው ሣጥን ጉም ብቻ ያሳያል። ከበስተኋላው ሽምጥና ጅቡ ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ወንድሜ፣ ክንፉን የት አስቀመጣችሁት?» ይላል ሽምጥ።

«ና፣ ጠጋ በል ወንድሜ» ይላል ጅቡ። «እንዴት ትሸታለህ እባክህ! ወንድምነታችን መቼም የታወቀ ነው። ግን ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።» ምራቁ ይንጠባጠባል።

«አቤቱ፣ ብልሃቱን ስጠኝ» አለች ዳልቺት በልቧ። ከዚያ ሳቅ ብላ ቀረበች።

«አያ ጅቦ! እሰይ፣ አገኘሁህ! ልቅሶህ ያመለጣቸው ዘመዶች መጥተውብኛል። እስቲ አንዴ አልቅስልን!»

የጅቡ ጆሮ ቆመ። «የትኛውን? አንጋጥጬ የማለቅሰውን?»

«እሱን! ዓይንህን ጨፍነህ!»

«ወደዱኝ ማለት ነው!» አለና ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንጋጦ፣ «አኡኡ! ወንድሜ!» ይል ጀመር። አለቃቀሱስ አንጀት ይበላል። ዳልቺት ቀስ ብላ ዞረች፤ ኮቴዋን አስተካክላ መንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። ጅቡ ከነእንባው ሐይቅ ገባ። ራሱን ብቅ አድርጎ የረገፈ ጥርሱን በምላሱ እየፈለገ፦

«ይሄ ድራማው ላይ አልነበረም!» አለ።

ማታ ክቡ ውስጥ ሽምጥ ወደ እናቱ ተጠጋ። «እማዬ፣ እኔ ስመጣ እኮ የምሩን ነበር የሚያለቅሰው።»

«የምሩን ነው ልጄ። የራበውም የምሩን ነው።»

ከዚያ ወዲያ አህዮቹ የቀበሮን ድራማ ማየት አልተዉም። የሚያዩት ግን ከክቡ ሳይወጡ፣ ኮቴያቸውን ወደ ዱሩ እንዳዞሩ፣ አንገታቸውን ብቻ መለስ አድርገው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የድሮ ተረት አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ አይቶ መደሰት ነውር ባይሆንም፣ በድራማ ያለቀሰልንን ሁሉ ወንድማችን ነው ብለን ከክባችን መውጣት እንደሌለብን ነው።