ነብርና የጉድጓዱ ገመድ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚያንቀላፋ ካለ ከአሁኑ ይውጣ፤ ይህ ተረት ለእንቅልፋም አይነገርም።

ድሮ ድሮ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። ለውሃ የሚጠራው ነጋሪት ዝንጀሮ ቤት፣ መቅጃው ቅል ከርከሮ ቤት፣ ገመዱ አህያ ቤት ይቀመጣል። ሦስቱ ካልተገናኙ ውሃ የለም። ታዲያ ዝንጀሮ ያረፍዳል፣ ከርከሮ ይቆጣል፣ አህያ ያኮርፋል። በየቀኑ ጭቅጭቅ ነው!

ነብር መጣና «እኔ እያለሁ ምን ያነታርካችኋል? ነጋሪቱን ስጡኝ» አለ። ሰጡት። ሰንበት ብሎ «ቅሉንም ስጡኝ» አለ። ሰጡት። «እሰይ፣ ገላገለን!» አሉ፤ ሞኞች!

በሦስተኛው «ገመዱንም» ሲል እመት ፍየል ተነሳች። ውሃ ቶሎ ቶሎ ካልቀመሰች የማትተርፍ በሽተኛ ግልገል አለቻት።

«ኧረ ተዉ! የከለከለን ዕለት ለማን አቤት እንላለን?»

«አንቺ ደግሞ! ጎመን በጤና» አሏትና ሰጡት።

ገመዱ ራሱ ጮኸ። «አያ ነብሮ፣ እኔ ሁለት ጫፍ አለኝ። አንዱን አንተ ብትይዝ ሌላውን ሌላ ይያዝ እንጂ!»

«ሁለቱም የኔ ናቸው» አለና ወገቡ ላይ ጠመጠመው።

ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል! ያመሰገነው ጠጣ፤ ዝም ያለው ጠብታ አገኘ፤ የጠየቀው ተነከሰ። «ያለ ነብር ፈቃድ ወደ ጉድጓዱ የቀረበ ወዮለት!» ተብሎ ነጋሪት ተጎሰመ። እመት ፍየል ደጁ ወድቃ «ለልጄ ጉሮሮ ማርጠቢያ!» ብትል፣ «ያኔ የተናገርሽበት አፍ ያጠጣት!» አላት።

በጋው ጠና፤ ውሃው ወደ ታች ሸሸ፤ ቅሉ አልደርስ አለ። ነብር ራሱ ሊወርድ ተነሳ።

«ጫፌን ከላይ ማን ይያዝልህ?» አለ ገመዱ።

«ማንም! የያዘ ሁሉ ይለቀኛል» አለና፣ ገመዱን እንደታጠቀ ድንጋዩን እየቧጠጠ ወረደ። እግሩ ከዳው፤ ዷ ብሎ ወደቀ።

«ድረሱልኝ!» ሲል ሁሉም ሰሙ። አዋጁን ፈርተው ማንም አልተነቃነቀም። እመት ፍየል ብቻ እየሮጠች መጣች።

«አያ ነብሮ፣ ጫፉን ወርውርልኝ! ተጠራርተን እናወጣሃለን፤ ልጄም ትጠጣለች።»

ነብር ገመዱን ፈታ። ሊወረውር እጁን አነሳ። ከዚያ አሰበ።

«ጫፉን ከያዝሽማ ትነግሺብኛለሽ!» አለና መልሶ ታጠቀው።

«በእናትህ ወርውር!»

«አልወረውርም!»

ሦስት ጊዜ ለመነችው፤ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው ውሃው ውጦት ነበር።

ውሃው በሬሳው ተበላሸ። እንስሳቱ ሌላ ውሃ ፍለጋ ተሰደዱ፤ ግልገሏ መንገድ ላይ ሞተች። ሁሉም እመት ፍየልን ከበው ነብርን ሲረግሙ እናትየው ቀና አለች።

«ነብርን ተዉት» አለች። «ነጥቆ አልወሰደም፤ ሰጥታችሁት ነው።»

የኔ ተረት ይኸው ነው፤ እናንተ ቤት ወስዳችሁ አስቡበት። የገመዱን ሁለት ጫፍ ለአንድ የሰጠ፣ ጉድጓዱንም ጨምሮ ሰጠ።