የሰርዶው ቁልል

አንድ ሰው ነበረ። መሬት አልነበረውም። በሚኖርበት ከተማ ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ፣ ሰርዶ የወረሰው ጠፍ ቦታ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የቀበሌው ሰዎች ቦታውን በገመድ ለክተው አትክልት እንዲያለማበት መሬት ለሌለው ሁሉ በዕጣ ቆረሱት። ለዚህም ሰው ደረሰው። ከእሱ ጎን ያለው ቁራሽ ደግሞ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት ደረሰ።

ጥሩወርቅ ልጄ፣ «እትዬ፣ ሽማግሌዎቹ አስታርቀውናል፤ ወደ ባሌ ቤት ልመለስ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽን ዘልዬ መሬት ለመሬት የምዞር እንዳይመስልሽ። የማወራው እሱኑ ልመልስልሽ ብዬ ነው፤ ስሚኝ ብቻ።

ሴትዮዋ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። እጇ በሳሙና ተልጦ ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኖ ነበር። ያችን ቁራሽ ካለማች ጎመንና ድንች ከገበያ አትገዛም፤ የተረፈውን ትሸጣለች፤ ቀስ በቀስም ከሰው ሳፋ ትወጣለች። ሌላ መውጫ አልነበራትም። ስለዚህ ዕጣው የወጣላት ዕለት ልብስ አጠባውን ትታ ወደ ወንዙ ወረደች። ቀበሌው ግን ቦታውን ሲሰጥ አንድ ነገር አስጠንቅቋል፦ «መስከረም ሳያልቅ ተመንጥሮ ያልተተከለ ቦታ ይነጠቃል፤ ለሚሠራ ይሰጣል።»

ሰርዶን ታውቂዋለሽ። ላዩ ለምለም ነው፣ ዓይን ያማልላል። ሥሩ ግን ከመሬት በታች እንደ ገመድ ይሄዳል፤ በጣት በጣት ርቀት አንጓ አለው፣ ከእያንዳንዱም አንጓ አዲስ ይበቅላል። በዶማ ብትከትፊው ገደልኩት ስትዪ አንዱን አሥር አደረግሽው ማለት ነው። መንቀል ከሆነ መሬቱ ገና የክረምቱን ውሃ እንደያዘ በመስከረም ነው፤ ያኔ በመቆፈሪያ ፈንቅለሽ ቀስ ብለሽ ስትስቢው ሳይበጠስ ይመጣልሻል። ውሎ ካደረ መሬቱ ይደርቃል፣ ሥሩም እጅሽ ላይ እየተበጠሰ ግማሹ ውስጥ ይቀራል።

ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ገበሬ የወለደው ነው። ግን ችኩል ነበር፤ ደግሞ ሰው እንዲያየው ይወዳል። ላዩን በማጭድ አጨደው፣ ውስጡን በዶማ ከታትፎ ገለበጠው፣ ከወንዙ ዳር ጥቁር አፈር በጆንያ አምጥቶ ከላይ አለበሰው። በሁለት ቀን ጨረሰ! ከዚያ በሲባጎ እየለካ መደብ አወጣ፣ የጥቅል ጎመን ችግኝ ገዝቶ እንደ ወታደር ደረደረ፣ የቦታውን ዙሪያ በድንጋይ ከበበና ድንጋዩን ሁሉ ኖራ ቀባው። ኖራ! እስቲ አሁን ጎመን ኖራ ይበላል?

ሴትዮዋ ግን ከአንድ ጥግ ጀመረች። ተንበርክካ፣ መቆፈሪያዋን ሰክታ፣ ፈንቅላ፣ ሥሩን በጣቷ እየተከተለች መጨረሻው ድረስ ታወጣዋለች። ያወጣችውን ፀሐይ እንዲገድለው ከመንገዱ ጠርዝ ካለ ሰፊ ድንጋይ ላይ ትከምረዋለች። ቁልሉ ዕለት ዕለት አደገ። መጀመሪያ የዶሮ ቤት አከለ፣ ኋላ የተኛ ጥጃ አከለ።

ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ኖራ በተቀባው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያያታል።

«እትዬ፣ መሬት እየመነጠርሽ ነው ወይስ ሹሩባ እየፈታሽ?» አላት አንድ ቀን።

«እየፈታሁ ነው ወንድሜ፣» አለች ቀና ሳትል። «አንተ ሳትፈታ ነው ሻሽ ያሰርክበት።»

መንገደኛ የሰማ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም።

«ይሁን፣ መስከረም ግን አለቀልሽ!» አላት።

እሱስ እውነቱን ነው፤ አለቀባት። ሦስት ቀን ሲቀረው የጠራላት እኩሌታው ብቻ ነበር። በጠራው ላይ ጎመን ዘርታለች፣ ነጭ ሽንኩርት ሰክታለች። ሌላው ገና ሰርዶ እንደወረሰው ነው። ጉልበቷ አብጦ ስትነሳ መሬት ትደገፋለች።

«እማ፣ እኛም ዝም ብለን ገልብጠን እንትከልበት፤ ይወስዱብናል እኮ!» አለቻት ትልቋ ልጇ።

ሴትዮዋ ዶማውን አነሳች። እውነት እልሻለሁ፣ አነሳችው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚፈጅባት፤ ከዚያ ማንም አይነካትም። ግን የሚመጣው መስከረም ታያት፣ ከዚያም የሚቀጥለው፤ ያንኑ ሰርዶ ስትከትፍ ዕድሜዋ ሲያልቅ ታያት። ዶማውን መልሳ አስቀመጠችና ተንበረከከች።

የመስከረም መጨረሻ ዕለት የቀበሌው ኮሚቴ ሊያይ መጣ። አምስት ናቸው። ሊቀመንበሩ ጫማውን አስጠርጎ ነው የመጣው፤ ጭቃ እንዳይነካው ከመንገዱ አልወረደም። አራቱም እሱ ካልወረደ ብለው አልወረዱም። ጎንበስ ብሎ አንድ ጭብጥ አፈር ያነሳ የለም። ይህን ይዘው ነው እንግዲህ በሰው እንጀራ የሚፈርዱት! የሰውየውን ቦታ ከመንገድ ላይ አዩት፤ መደቡ ቀጥ ያለ፣ ኖራው ፀሐይ ላይ የሚያበራ።

«ሞዴል ማለት ይህ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ። አጨበጨበ፤ አስጨበጨበ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ የሴትዮዋ ቁልል መንገዱን አጥብቦ ጠበቀው።

«ይህ ቆሻሻ የማን ነው?»

«የኔ ነው ጌታዬ፣» አለች። «ሥሩ ነው።»

«መንገድ ላይ ቆሻሻ ትቆልያለሽ፣ ግማሹን ቦታ ደግሞ ጦም አሳድረሻል። ጎረቤትሽን አይተሽ አታፍሪም?» አላት። ወደ ሌሎቹም ዞሮ፣ «ያልተተከለው ግማሽ ለዚህ ታታሪ ይሰጥ» አለ።

አጨበጨቡ። ሰውየውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ።

አያቃጥልም? እኔን ያንገበግበኛል። ቆሻሻውን ያወጣችው ቆሻሻ ተባለች፤ የቀበረው ታታሪ ተባለ።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። እግራቸው ላይም አልወደቀችም። መቆፈሪያዋን እንደያዘች የሰውየውን ነጭ ድንጋይ ተሻግራ ገባች፣ ከሁለት ጎመን መሃል ሰካች፣ ፈነቀለች፣ እጇን ከትታ ሳበች። አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ ሥር መዝዛ አወጣች፤ በየአንጓው አረንጓዴ ጥርስ አብቅሏል። ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ባንተና በኔ ቦታ የነበረው አንድ ሰርዶ ነው፣» አለችው ሰውየውን። «የኔ ያውና ተቆልሏል። ያንተ ቁልል የታለ?»

«እሱማ... ውስጥ ነው፤ ይበሰብሳል» አለ።

«ተክል እያበላሸች ነው፣ አስወጧት!» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ።

«እወጣለሁ ጌታዬ። ግማሹንም አልሰጥም አላልኩም፣» አለች። «ቁልሉን ባሳየኝ ቀን እሰጠዋለሁ። እስከዚያ ሥሬን ልንቀል።»

ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተንበረከከች። መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበርና እጇን ይዞ ሊያስነሳት የደፈረ አልነበረም። ሊቀመንበሩ «በወሩ እንመለሳለን፤ ያኔ ይለያል!» ብሎ ሄደ።

ሰውየው ጠዋት ጠዋት ጎመኑን ውሃ ያጠጣል። ያጠጣ የነበረው ግን ሰርዶውን ነው። መጀመሪያ እንደ መርፌ ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ አለ። በሁለተኛው ሳምንት መደቡን ሞላው። በሦስተኛው ጎመኑን አንቆ ያዘው፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ሳይጠቀለል ቀረ። ሴትዮዋ ይህን ስታይ ሰርዶው እንዳይሻገርባት በሁለቱ ቦታ መሃል ቦይ ቆፈረች። የቀራትንም ነቅላ ጨረሰች።

በወሩ ኮሚቴው ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ዛሬም ከመንገዱ አልወረደም። ከላይ ሆኖ አረንጓዴ አየ፣ ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ አየ።

«ይኸው! አላልኩም? እንዴት ለምልሟል!» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። አጃቢ አጣ፤ ብቻውን አጨበጨበ።

አህያ የምትነዳ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ ነበር። «ጌታው፣» አለችው፣ «ካላስቸገርኩ ለአህያዬ ትንሽ ይታጨድልኝ። ሰርዶ ነፍሷ ነው።»

መንገደኛው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ያኔ ነው አስተውሎ ያየው። ወደ ጫማው አቀረቀረና ሄደ። «አጥፍቻለሁ» አላላትም፤ ከእነሱ አፍ ይህ የት ይወጣል! ግን ስለ ግማሹ ቦታ ዳግመኛ አላነሳም። ለሴትዮዋ ቀረላት፤ ድንች ተከለችበት።

ሰውየውስ? አንድ ጠዋት መጥቶ መቆፈሪያዋን ለመናት። ሳታንገራግር ሰጠችው። መሬቱ ደርቆ ነበርና ሥሩ እጁ ላይ እየተበጠሰ አስቸገረው። «ውሃ እያጠጣህ በጣትህ ተከተለው፤ አትቸኩል» አለችው። እስከ ረፋድ ተንበርክኮ አንድ እፍኝ አወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ለበዓል ግን መጥቶ ድንጋዮቹን እንደገና ኖራ ቀባቸው።

ይኸውልሽ ጥሩዬ። እነዚያ ሦስት ሽማግሌዎች እናትሽ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው የፈረዱት። ባልሽ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ፣ እግርሽ ላይ ወደቀ፣ «አንሺው» ተባልሽ፣ አነሳሽው፣ ተሳሳማችሁ፣ ተበላ፣ ተመረቀ፣ «አለቀ» ተባለ። አንድ ከሰዓት! እነሱም ከመንገድ ላይ ነው ያዩት። እጅጌሽን ሰብስበሽ ክንድሽን አሳዪን ያለ ነበር? የለም። እናትሽ ደግሞ ሰው ምን ይላል እያለች፣ መስከረም እንዳለቀባት ሰው ታጣድፍሻለች። ቢገርምሽ አሁን በሰፈሩ ልበ ደረቅ የምትባዪው አንቺ ነሽ፤ እሱማ ድንጋይ የተሸከመ ጨዋ ሆኗል!

ባልሽ አይለወጥም አላልኩሽም። ሰርዶ ይነቀላል፤ ያቺ ሴት ነቅላዋለች። ግን ተንበርክኮ ነው፣ በጊዜው ነው፣ የተነቀለውም ለሚያልፍ ሁሉ ይታያል። ነገ ሽማግሌዎቹ ወደ ቤቱ ሊመልሱሽ ሲመጡ እምቢ አትበያቸው። «አባቶቼ፣ ቁልሉ የታለ?» በያቸው። ያንን መጠጥ ቤት ትቷል? ሚስትህን ቅጣት የሚለውን ጓደኛውን ተለይቷል? ያደረገብሽንስ፣ «አጠፋሁ» ብሎ ከመጠቅለል በቀር፣ አንድ በአንድ በአፉ ተናግሯል? ያሳዩሽ። ካሳዩሽ እኔ ራሴ ዕቃሽን ተሸክሜ እሸኝሻለሁ።

ቤቱን ለመመለሻሽ ቀለም ቀብቶታል። አይቻለሁ፣ ደጄ ላይ አይደል? ሰማያዊ ነው፣ ያምራል። ትናንት እንዲደርቅ በሩን ከፍቶት ሳልፍ ዓይኔ ወደ ውስጥ ገባ። አንቺን የሚገርፍበት ቀበቶ እዚያችው ግድግዳ ላይ፣ እዚያችው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሳያወርደው ነው ዙሪያውን የቀባው።