ዝንጀሮ በሩ ላይ የጻፈው የይለፍ ቃል

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ወዲህ አዙሩ። ድሮ፣ እንስሳት እንደ እኛ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ንጉሥ አንበሳ የመልእክት ቤት ነበረው። ከዚያ ቤት የምትወጣ እርግብ ሁሉ እግሯ ላይ የንጉሡ ክር ይታሰርላታል፤ ክሩን ያየ ሳይጠይቅ ያምናል። በሩ የሚከፈተው በይለፍ ቃል ብቻ ነው። ቃሉን አንበሳ ለጸሐፊው ለዝንጀሮ በጆሮው ነገረው።

«ለማንም እንዳትነግር!»

«እኔ? አፌ መቃብር ነው፣ ጌታዬ!»

ዝንጀሮ ግን እረሳዋለሁ ብሎ ፈራ። ስለዚህ በሩ ላይ ጻፈው፤ ያውም በትልቁ።

«ጌታው፣ ደረቴ ላይ እኮ ነው የጻፉት!» አለ በሩ።

«ዝም በል! እንጨት ስለ ምስጢር ምን ያውቃል?»

አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ ቃሉን አነበበ። ገባና እርግብ ላከ፦ «ከንጉሡ! በጎች ሁሉ፣ ጨው ይታደላልና ገደሉ ሥር ኑ።» በጎቹ ክሩን አይተው ሄዱ። ጅብ ሆዱን እያሻሸ ተመለሰ፤ በጎቹ አልተመለሱም።

አንበሳ አገሳ። «ጥፋተኛው ማን ነው?»

«በሩ ነው፣ ጌታዬ!» አለ ዝንጀሮ። በሩ ተገረፈ።

በነጋታው ጅብ አህዮችን ጠራ።

«ጥፋተኛው ማን ነው?»

«እርግቦቹ ናቸው፣ ጌታዬ!» የእርግቦቹ የጅራት ላባ ተነጨ።

በሦስተኛው ቀን ጅብ ጥጆችን ጠራ። እናታቸው ላም እያለቀሰች ዝንጀሮ ፊት ቆመች።

«ልጆቼ ንጉሥ ጠራን ብለው ነው የሄዱት» አለችው።

ዝንጀሮ ወደ በሩ ሮጠ።

«ማንን ነው የምታስገባው?»

«ቃሉን የተናገረውን። እኔ ፊት አላይም፣ ቃል ነው የምሰማው።»

ዝንጀሮ ጽሑፉን በጥፍሩ ፋቀ። አዲስ ቃል አወጣ፤ ይህኛውን በልቡ ያዘው። ጅብ መጥቶ ሲጮህ ቢውል በሩ ንቅንቅ አላለም። አንበሳም ዝንጀሮን ሸለመው! ዝንጀሮም ሽልማቱን ሳያፍር ተቀበለ።

በጋ ሲገባ ጫካው በእሳት ተያያዘ። ዝንጀሮ እርግቦቹን ላከ፦ «እሳት መጣ፣ ወደ ወንዙ ሽሹ!»

እንስሳቱ የንጉሡን ክር ሲያዩ «ደግሞ ጨው ሊያድሉን ነው?» ብለው እርግቦቹን አባረሯቸው።

ዝንጀሮ ራሱ በጭሱ መሀል እየሮጠ በየደጁ ለመነ፤ ማንም አላመነውም። ላሚቱማ ፊቷን አዞረችበት። መቀመጫው ሲነድ ሲያዩ ነው ያመኑትና ተከትለውት የሸሹት።

የዝንጀሮ መቀመጫ የተመለጠው ያን ቀን ነው። እናንተም ስሙኝ፦ የይለፍ ቃል በአንድ ጀንበር ይለወጣል፤ የጠፋ አመኔታ ግን ቆዳ ያስከፍላል። በሉ፣ የእኔ አፍ ደከመ፤ የእናንተ ጆሮ ይባረክ።