የአያ ደምለው ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ዘመኑ ብዙ ሳይርቅ፣ ጣና ዳር በተወለዱ በሦስት የአንድ እናት ልጆች መካከል የተነሣ ነገር ነው። ስንት ሽማግሌ ተቀምጦበት እስከ ዛሬ የፈረደ የለም። እናንተ ትችሉት እንደሆን ስሙት።

ሐይቁን እምቦጭ ወርሶት ነበር። ያ መጤ አረም ዳር ዳሩን ሸፍኖ፣ ዓሣውን አፍኖ፣ ሰውን ሥራ አስፈትቶት ነበር። ሕዝቡ በነቂስ እየወጣ በእጁ ቢነቅለው በወሩ ተመልሶ ይንሰራፋል። ሦስቱ ልጆች ከተማ ገብተው የተማሩ ነበሩና በእጅ ያልተቻለውን በማሽን እንሞክረው አሉ። ሰው ሳይሳፈርባት ራሷ የምትሄድ፣ ራሷ የምታይ፣ እምቦጩን ብቻ ለይታ የምትቆርጥ ሮቦት ጀልባ እንሥራ ብለው ተነሡ።

ታላቁ፣ ይበልጣል፣ አካሏን ሠራ። ሞተሩንና መሪውን፣ ከፊቷ የተገጠመውንም ምላጭ የሚያዝ ሶፍትዌር የጻፈው እሱ ነው። ቁጡ ነው፣ ግን ጠንቃቃ ነው። ከሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ሕግ አስገባ፤ ዓይኗ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ጀልባዋም ምላጩም ቀጥ ብለው እንዲቆሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሞከር ያ አካል ከታዘዘው አንድም ቀን ዝንፍ አላለም።

መካከለኛዋ፣ እማዋይሽ፣ ዓይኑን ሠራች፤ ካሜራው ያነሣውን የሚለይ ኮድ ማለት ነው። ዲፕ ለርኒንግ የሚሉትን ጥበብ የተማረች እሷ ናት። እንዲህ ያለው ኮድ እምቦጭ ማለት ይህ ነው ተብሎ አይነገረውም፤ ሕፃን ልጅ የእናቱን ፊት እንደሚለምድ፣ አይቶ አይቶ ነው የሚለምደው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሺህ ፎቶ አነሣች፤ አንድ በአንድ፣ ይሄ እምቦጭ ነው፣ ይሄ አይደለም እያለች ምልክት አደረገችበት። በመጨረሻ ዓይኑ ከመቶው ዘጠና ስምንቱን አይስትም ነበር።

እነዚያን ፎቶዎች ስታነሣ ሐይቁ ላይ ያዞራት አያ ደምለው የሚባል ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ሣር አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ በማሳመር የሚደርስበት አልነበረም። አባታቸው ሲሞት ሦስቱንም ዋና ያስተማራቸው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ዓሣ አንጠልጥሎ ደጃቸው የማይታጣ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ቀን እሷን ከታንኳው ፊት አስቀምጦ፣ እሱ ከኋላ እየቀዘፈ፣ ያቺን ደግሞ አንሻት፣ ያቺ ክፉዋ ናት እያለ እምቦጭ ያለበትን ሁሉ አሳያት። ይህን ነገር ልብ በሉት፣ ኋላ ይመጣል።

ታናሹ፣ አትርሳው፣ ሁለቱን አገናኘ። የእህቱን ኮድ ወስዶ፣ ከወንድሙ የሶፍትዌር ፓኬጅ ውስጥ አስገብቶ፣ ዓይኑ ያየውን አካሉ እንዲሰማ ማድረግ የእሱ ድርሻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። ሲሳካ የታላላቆቹ ነው ይባላል፤ ሲበላሽ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህን አትርሳው ገና ከጅምሩ ያውቀዋል፤ ሆዱም በዚህ ይሻክር ነበር።

ችግሩ ወዲያው ብቅ አለ። የእማዋይሽ ዓይን በትክክል ያያል እንጂ ፈጥኖ አያይም። ጀልባዋ ላይ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር አንዱን ፎቶ መርምራ ለመመለስ ሦስት ሰከንድ ትፈጃለች፤ የይበልጣል ሕግ ደግሞ ከግማሽ ሰከንድ በላይ አይታገሥም። ስለዚህ ጀልባዋ ክንድ ያህል ትሄድና ትቆማለች፣ ደግሞ ትሄድና ትቆማለች። አትርሳው እህቱን ዓይኑን አቅልይልኝ ብሎ ለመናት፤ ከቀለለ መሳት ይጀምራል፣ አልነካውም አለችው። ወንድሙን ሕጉን አላላልኝ ቢለው ይበልጣል ቆጣ አለ።

«ጀልባዋን ሊያዩ የተጠሩት እንግዶች ሐሙስ ይመጣሉ» አለው። «እንደ ሰካራም ቆም ሄድ ስትል እንዳታዋርደኝ። እንዴት እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ፤ እኔን አትጠይቀኝ።»

አትርሳው ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። አንዲት የኮድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ አዲሱ መልስ እስኪደርስ ድረስ የቀድሞውን መልስ እንደ አዲስ አድርገህ ለአካሉ አቀብል የምትል። አካሉ በየግማሽ ሰከንዱ መልስ ይደርሰዋል፤ መልሱ ያረጀ መሆኑን በምን ይወቅ? ጀልባዋ መቆሟን ተወች፣ ነጎደች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እማዋይሽ ኮዷን ስታስረክብ መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ይህ ዓይን የሚያውቀው እምቦጭን ብቻ ነው፣ ሰውና ታንኳ ለይቶ አያውቅም፣ ያለ ጠባቂ እንዳይቆርጥ ብላ ጽፋ ነበር። አትርሳው አንብቦታል። ከሐሙስ በኋላ እደርስበታለሁ ብሎ አለፈው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ እንግዶቹ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ጀልባዋ እምቦጩን እያጨደች ትገሰግሳለች። አያ ደምለው ልጆቹ የደከሙበትን ሊያይ፣ እግረ መንገዱንም ለአዲስ ታንኳ ያጨደውን እርጥብ ደንገል በታንኳው ላይ ከምሮ ከማዶ ብቅ አለ። ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ ክምር ብቻ ነው። የጀልባዋ ዓይን እምቦጭ ነው አለ። ጀልባዋ ወደ እሱ ዞረች። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር፤ እሱ ግን የልጆቹ ሥራ ስለሆነች ምን ታደርገኛለች ብሎ ቆመ፤ ስትጠጋው ገፋ ሊያደርጋት ቀኝ እጁን ዘረጋ። ምላጩ ከአንጓው ላይ ወሰደው።

ኋላ የጀልባዋ መዝገብ ሲታይ፣ ዓይኑ ሰውየው ሲቀርብ ስህተቱን አርሞ ነበር። እምቦጭ አይደለም ብሎ መልሷል። መልሱ የደረሰው ግን እጁ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ነው።

አትርሳው ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ ክንዱን በቀበቶው አሰረለትና አወጣው። ይበልጣል መኪናውን አብርሮ ሐኪም ቤት አደረሰው። እማዋይሽ ክንዷን ዘርግታ ደም ሰጠችው። በሦስቱ ነፍሱ ተረፈች፤ እጁ ግን ቀረ። ደንገል ደግሞ የሚታሰረው አንዱ እጅ ሲይዝ ሌላው ሲያጠብቅ ነው። አያ ደምለው ከእንግዲህ ታንኳ አይሠራም።

በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ ይቅር ካለ ተነሥቶ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። የሰፈሩ ሽማግሌ ቄስ እንየው ወደ አያ ደምለው ሄዱና ልጆቹ ሦስት ድንጋይ ተሸክመው ይምጡ ወይ ብለው ጠየቁት። እሱ አልጋው ላይ እንደተጋደመ እንዲህ አለ፦

«አንድ እጅ ነው የቀረኝ፣ አባ። በአንድ እጅ የማወርደው አንድ ድንጋይ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እነሱ ያውቁታል፤ እሱ ይምጣ።»

እንግዲህ ጉዱ ከዚህ ጀመረ። ሦስቱ ሰባት ቀን ሙሉ ሽማግሌ ፊት ተከራከሩ። ይበልጣል፣ አካሉ የታዘዘውን ፈጸመ፣ ሕጌም ሰው የሚያድን ሕግ ነበር፣ ያታለለው ሰው ይጠየቅ አለ። እማዋይሽ፣ እኔ በጽሑፍ አስጠንቅቄአለሁ፣ ዓይኑም ቢዘገይ እውነቱን ተናግሯል፣ የሰማው ጠፋ እንጂ አለች። አትርሳው ደግሞ፣ የማይፈጥን ዓይንና የማይታገሥ አካል ሰጥታችሁ በቀን ቀጠሮ አጣደፋችሁኝ፣ እኔ ያዘዛችሁኝን አገናኘሁ እንጂ ከራሴ ምን አመጣሁ አለ። ያቺን መስመር ሲጽፍ እጁ እንደከበደው ግን ለማንም አልተናገረም።

በአራተኛው ቀን አትርሳው እህቱን የሚያስረታ ማስረጃ ፍለጋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ያዘ። ከአሥራ ሁለት ሺሁ ውስጥ አንድም ታንኳ የለም። ሐይቁ ታንኳ ሞልቶት እንዴት አንድ አይገኝም ብሎ ደነቀው፤ ከዚያ ገባው። እምቦጩ ከጠናበት መካከል የሚደፍር ሌላ ታንኳ አልነበረም፤ የደፈረችው አንዲቷ ደግሞ ካሜራውን የተሸከመችው ናት። አያ ደምለው ሁሉንም ፎቶ አስነሥቶ እሱ ራሱ አንዱም ላይ የለም። እዚህም እዚያም ጥግ ላይ የመቅዘፊያው ጥላ ብቻ ውኃው ላይ ወድቋል። አትርሳው ኮምፒውተሩን ዘግቶ አለቀሰ። ወዲያው ደግሞ እንባውን ጠርጎ ሄደና ሽማግሌ ፊት በእህቱ ላይ መሰከረባት፤ እማዋይሽም በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሰው መሆን እንዲህ ያስጠላል አንዳንዴ።

በሰባተኛው ቀን ክርክሩ ሲያታክታቸው ቄስ እንየው ተመልሰው ወደ አያ ደምለው ሄዱ፤ ሁለተኛ ቃልም ይዘው መጡ። ድንጋዩን የተሸከመውን ይቅር እለዋለሁ፣ እንደ ልጄም ገብቶ ይወጣል፤ ሁለቱ ግን በሕይወት እስካለሁ ደጄን እንዳይረግጡ ብሏል አሉ። ሦስቱም ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት አትርሳው ከሐይቁ ዳር ከባድ ድንጋይ መርጦ፣ በትከሻው አድርጎ፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ ወጣ። አያ ደምለው ደጅ ሲደርስ ይበልጣል ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ዞር ሲል እማዋይሽ ድንጋይ ተሸክማ በአጥሩ በኩል ትመጣለች። ተያዩ፤ ሦስቱም መሬት መሬት አዩ።

ይበልጣል ቀድሞ ተናገረ። «ቀኑን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። አትጠይቀኝ ያልሁትም እኔ ነኝ። መጠየቅ ያለበት ታላቅ ነው።»

እማዋይሽ ቀጠለች። «አያ፣ አሥራ ሁለት ቀን ከኋላዬ ተቀምጠህ ስትቀዝፍ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አላነሣሁህም።»

አትርሳው ደግሞ፣ «መስመሯን የጻፍሁ እኔ ነኝ» አለ። «እያወቅሁ ነው የጻፍኋት።»

አያ ደምለው የተጠቀለለውን ክንዱን በደረቱ ላይ ይዞ ወጣና ደፉ ላይ ተቀመጠ። አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። ዋና ሲያስተምራቸው የያዘው ትከሻ ነው ሦስቱም።

«ሰባት ቀን ሙሉ ጥፋተኛ ታጣ» አላቸው። «ይቅርታ አለ ሲባል ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ።»

ፀሐዩ እየበረታ ሄደ፤ ድንጋዩም እየከበደ ሄደ። አትርሳውን ድንጋይ ያሸከመው ጥፋቱ ይሁን ወይስ ይቅር የመባል ጉጉቱ፣ ራሱን ቢጠይቅ ራሱም አላወቀውም። ወንድሙንና እህቱን በጎን አያቸውና እነሱም እንደሱ እንደሆኑ ጠረጠረ። ቄስ እንየውም መጥተው ከአጥሩ ጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያያሉ። አያ ደምለው የቀረችውን ግራ እጁን ዘረጋ፤ እጁም እንደተዘረጋ ቆየ።

እናንት ሰሚዎች፣ የሦስቱንም ነገር ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ሰማችሁ። አንድ እጅ ነው ያለው፣ አንድ ድንጋይ ነው የሚያወርደው፤ ሁለቱ ከነድንጋያቸው ይመለሳሉ። የማንን ያውርድ?